የአሜሪካ ኮሌጆች የቅበላ ቁጥር ከጅማ ሆኖ ሲነበብ፦ የኮመን ዳታ ሴት ግምገማ

ለአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከት የሚያስብ የጅማ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ፐርሰንት ይቀበላሉ?» ብሎ ነው። መልሱ ስልክ ላይ ወዲያው ይገኛል። ሃርቫርድ በ2024 ለሚገቡ ተማሪዎች 54,008 ማመልከቻ ደርሶት 1,937 ተቀበለ፤ 3.6 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ሆኖም ሰቶ ሰመሮ ወይም ጅሬን ሁለተኛ ደረጃ ለሚማር፣ ቤተሰቡ በቡና ገቢ ለሚተዳደር፣ ያለ ሙሉ ድጋፍ መሄድ ለማይችል ልጅ ይህ ቁጥር የሚነግረው ጥቂት ነው። ለእሱ የሚሆነው ቁጥር ሌላ ገጽ ላይ አለ፤ ያም ገጽ በነጻ ይገኛል።

እዚህ የምንገመግመው ያን ገጽ የያዘውን፣ ኮመን ዳታ ሴት የሚባለውን ሰነድ ነው። ጎን ለጎን የአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ መረጃ ገጾች የሆኑትን ኮሌጅ ናቪጌተርንና ኮሌጅ ስኮርካርድን፣ በኢንተርኔት ላይ ያሉትን የዕድል ማስያዎችና ገንዘብ ተቀብለው «ፕሮሰስ» የሚያደርጉ ቢሮዎች የሚጠቅሱትን ቁጥር እንመለከታለን። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ኮመን ዳታ ሴት በነጻ ከሚገኙት ሁሉ የተሻለው ነው፤ የሚያገለግለው ግን የማያዋጡ ኮሌጆችን ከዝርዝር ለመሰረዝ እንጂ «ዕድልህ 37 በመቶ ነው» ለማለት አይደለም። ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪም መጀመሪያ መክፈት ያለበት የገንዘብ ድጋፉን ክፍል ነው፤ የቅበላው ክፍል ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሰነዱ ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይገኛል?

ኮመን ዳታ ሴት ኮሌጆች በየዓመቱ የሚሞሉት አንድ ወጥ ቅጽ ነው። ኮሌጅ ቦርድ፣ ፒተርሰንስና ለኮሌጆች ደረጃ የሚያወጣው ዩ.ኤስ. ኒውስ የተባሉ አሳታሚዎች ለየብቻ መጠይቅ እየላኩ ኮሌጆችን ከማሰልቸት ይልቅ ጥያቄዎቹን አንድ አድርገው ያዘጋጁት ነው። ከኤ እስከ ጄ 10 ክፍሎች አሉት። ለአመልካች የሚጠቅሙት አራት ናቸው፦ የተማሪ ቁጥር ያለበት ቢ፣ የመጀመሪያ ዓመት ቅበላ ያለበት ሲ፣ የወጪው ጂ እና የገንዘብ ድጋፉ ኤች። የቀረውን ማንበብ አያስፈልግም።

ለማግኘት የኮሌጁን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉና «ኮመን ዳታ ሴት» የሚለውን በዚያው ፊደል አስከትሉ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው «ኢንስቲትዩሽናል ሪሰርች» በሚባለው ቢሮ ገጽ ላይ ነው እንጂ በቅበላ ቢሮው ገጽ አይደለም። ቅጹ ከ30 ገጽ በላይ የሚሆን ፒዲኤፍ ወይም የኤክሴል ፋይል ነው፤ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ካወረዳችሁት ኔትወርክም መብራትም ሳይጠብቅ ይነበባል። ማተም ካስፈለገ ሙሉውን አታሳትሙ፤ የሲና የኤች ገጾች ይበቃሉ።

ዓመቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «2023-24» የሚለው ቅጽ በአሜሪካኖቹ 2023 መኸር፣ በእኛ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ትምህርት የጀመሩትን ይመለከታል። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን ጽፎ የሚፈልግ ተማሪ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለፈበት ቅጽ አውርዶ የዘንድሮ ይመስለዋል። ትክክለኛውን ያገኘም ቢሆን የሚያነበው ከእሱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድመው ስለገቡት ተማሪዎች ነው። ስለዚህ የሦስት ተከታታይ ዓመታት ቅጾች አውርዳችሁ አንዱን ቁጥር በሦስቱም ተመልከቱ። ከዓመት ዓመት ብዙ የሚዋዥቅ ከሆነ በአንዱ ዓመት ላይ አትመኩ።

ሲ1፦ ሁሉም የሚያየው ቁጥር

ሲ1 ላይ ያመለከቱ፣ የተቀበሉና የተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር አለ። የተቀበሉትን ላመለከቱት ስናካፍል የቅበላ ምጣኔ እናገኛለን፤ የተመዘገቡትን ለተቀበሉት ስናካፍል ደግሞ ጥሪ ከደረሳቸው ውስጥ ስንቶቹ እንደመጡ እናውቃለን። ሁለተኛው ስሌት በኋላ ስለሚያስፈልግ ጻፉት።

የምጣኔው ጉድለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎችን አንድ ላይ መደመሩ ነው። እሸት ቡናና ጀንፈል በአንድ ላይ ተደምረው የወጣ አማካይ ዋጋ ለየትኛውም ገበሬ የራሱን ዋጋ አይነግረውም። በሃርቫርድ ላይ በቅበላ አሠራሩ በቀረበው ክስ በ2018 እ.ኤ.አ. በቦስተን ፍርድ ቤት የታየው መረጃ ይህን በግልጽ አውጥቶታል፦ በአሠልጣኝ የተመለመሉ ስፖርተኞች 86 በመቶ ያህሉ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ደግሞ ሲሶ ያህሉ ይገቡ ነበር። ከነዚህ ውጭ ያለው አመልካች የሚገባበት ምጣኔ ከይፋዊው ቁጥር ያነሰ ነበር ማለት ነው። ኤም.አይ.ቲ. የአሜሪካውያንንና የውጭ አመልካቾችን ምጣኔ ለይቶ ያወጣል፤ የውጭዎቹ የአገር ውስጦቹን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ለውጭ ተማሪዎች የቦታ ገደብ አለውና።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ ያስፈተኗቸውን ሁሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። የሁለቱ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች «ዕድሌ 3.2 በመቶ ነው» ቢሉ ሁለቱም ይሳሳታሉ። ከአገር አማካይ ይልቅ የራስን ትምህርት ቤት ውጤት ማየት እንደሚሻል ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ለአሜሪካ ኮሌጅም ያው ነው፦ መቁጠር ያለባችሁ እናንተን የሚመስሉትን አመልካቾች ነው፤ ማለትም የውጭ ዜጋ የሆኑትን፣ ድጋፍ የሚጠይቁትን፣ ስፖርተኛ ያልሆኑትን።

በቅርብ ዓመታት በወጡት ቅጾች ሲ1 ላይ አመልካቾች በመኖሪያ ተከፍለው የውጭዎቹ ለብቻ የሚሞሉበት ሰንጠረዥ ተጨምሯል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ሳይሞሉት የሚያልፉት ኮሌጆች ግን አሉ፤ ያኔ ቢ2 ላይ ያለውን የውጭ ዜጎች ቁጥር ለመጀመሪያ ዓመት ጠቅላላ ቁጥር አካፍሉ። ስንት እንደገቡ ያሳያል እንጂ ስንት እንዳመለከቱ አያሳይም፤ ቢያንስ ግን በሩ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ትገምታላችሁ።

ኤች6፦ ዋናው ገጽ

ኤች6 በአጭሩ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ኮሌጁ ለውጭ ዜጎች ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ፣ ለስንት ተማሪ እንደሰጠ፣ ለአንዱ በአማካይ ስንት ዶላር እንደደረሰው። ድጋፉ በቤተሰብ አቅም ማነስ የሚሰጥ ወይም በውጤት የሚሰጥ መሆኑም እዚያው ምልክት ይደረግበታል። «አይሰጥም» የሚለው ላይ ምልክት ካለ ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ ያን ኮሌጅ ወዲያው ይሰርዘው። ይህ አንድ ምልክት የማመልከቻ ክፍያም፣ የወራት የድርሰት ድካምም ያድናል።

እንዴት እንደሚሰላ ለማሳየት ለምሳሌ ብቻ የፈጠርነውን ኮሌጅ እንውሰድ። 8,000 አመለከቱ፣ 1,600 ተቀበለ፤ ምጣኔው 20 በመቶ ነው። ከአመልካቾቹ 2,000 የውጭ ዜጎች ናቸው፣ ከእነሱ 120 ተቀበለ፤ 6 በመቶ። ለአገር ውስጦቹ የቀረው 1,480 ከ6,000 ነው፤ ወደ 25 በመቶ ይጠጋል። እስካሁን 20 ይመስል የነበረው 6 ሆኗል።

አሁን ኤች6ን እንክፈት። 96 የውጭ ተማሪዎች በአማካይ 58,000 ዶላር አግኝተዋል ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 96ቱን የአንድ ዓመት ገቢዎች አድርጎ ይቆጥራል። አይደሉም፤ ከመጀመሪያ እስከ አራተኛ ዓመት ያሉት ሁሉ ተደምረው ነው። ለአራት ስናካፍል በየዓመቱ ድጋፍ ይዘው የሚገቡት 24 ያህል ናቸው። ጥሪና ድጋፍ ከደረሳቸው ግማሾቹ ቢመጡ ኮሌጁ ለ48 ሰዎች ጥሪ ልኳል ማለት ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ቢመጡ ደግሞ ለ30 ብቻ። ከ2,000ዎቹ የውጭ አመልካቾች 1,500ዎቹ ድጋፍ ጠይቀዋል ብለን ብንወስድ ምጣኔው ከ2 እስከ 3.2 በመቶ ይሆናል። ከ20 ተነስተን የደረስነው እዚህ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ግምቶች የእኛ ናቸው፤ ቅጹ አይሰጣቸውም። ቢሆንም ግምቱን ወዲህም ወዲያም ብትጎትቱት መልሱ ተመልሶ 20 አይሆንም።

ከዚያ ጂ ላይ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ፈልጉ፦ ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ። 86,000 ዶላር ነው እንበል። ከ58,000 ጋር ያለው ልዩነት 28,000 ዶላር በዓመት ነው፤ ለጅማ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ግን አማካይ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ግማሾቹ ሙሉ፣ ግማሾቹ ትንሽ የውጤት ሽልማት አግኝተው ሊሆን ይችላል። ለመለየት ወደ ኮሌጁ ድረ ገጽ ሄዳችሁ «የተረጋገጠ የገንዘብ ፍላጎታቸውን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን» የሚለው ቃል የውጭ ተማሪዎችንም ይጨምር እንደሆነ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ይህ ቃል ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የተነገረ ነው፤ የውጭዎቹ ጉዳይ ሌላ ገጽ ላይ ነው ያለው። የጂና የኤች ዓመታት አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉም በየሰንጠረዡ አናት የተጻፈውን ዓመት አስተያዩ።

አቅም ሳይጠይቁ የውጭ ተማሪን የሚቀበሉ ኮሌጆች ጥቂት ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስት፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ዳርትማውዝና ቦውደን ይገኙባቸዋል። በሌሎቹ ዘንድ የምትጠይቁት የገንዘብ መጠን ራሱ በውሳኔው ውስጥ ይገባል። «እንግዲያው ትንሽ ልጠይቅ፣ ከገባሁ በኋላ ይጨምሩልኛል» የሚለው ሐሳብ ግን ብዙ ልጆችን የሚጎዳ ነው። ብዙ ኮሌጆች መጀመሪያ ድጋፍ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም። የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈኛ ሳያሳዩም አይ-20 የሚባለው የቪዛ ሰነድ አይወጣም።

ሲ9፦ የሳት ውጤት

ሲ9 ላይ ሳት (SAT) የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና 25ኛ፣ 50ኛና 75ኛ ፐርሰንታይል ውጤቶች አሉ። ቅጹ 25ኛው 1450፣ 75ኛው 1540 ቢል፣ ውጤት ካስገቡት ተማሪዎች ሩቡ ከ1450 በታች፣ ሩቡ ከ1540 በላይ፣ ግማሹ በመካከል ነው ማለት ነው። «1450 ካመጣሁ እገባለሁ» ማለት ግን አይደለም። የታችኛው ሩብ ውስጥ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ኮሌጁ በሌላ ምክንያት የፈለጋቸው ናቸው፦ ስፖርተኛ፣ የቀድሞ ተማሪ ልጅ፣ ልዩ ተሰጥኦ ያለው። ድጋፍ የሚጠይቅ የውጭ ተማሪ ከ50ኛው በላይ መሆንን ዝቅተኛ ዒላማው ቢያደርግ ይሻለዋል።

ሁለት ነገሮች ይህን ሰንጠረዥ ያዛቡታል። አንደኛ፣ የሚቆጥረው የተመዘገቡትን ነው፤ የተቀበሉትን አይደለም። ሁለተኛ፣ ውጤት ማስገባት ግዴታ ባልሆነበት ኮሌጅ ጥሩ ያመጣ ብቻ ስለሚያስገባ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከፐርሰንታይሎቹ በላይ ያለውን «ውጤት ያስገቡ በመቶኛ» መጀመሪያ አንብቡ። 45 በመቶ ከሆነ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የሉም።

ይሁንና «ግዴታ ካልሆነ አላስገባም» ብሎ መዝጋት ለጅማ ተማሪ ጥሩ ምክር አይመስለንም። የቅበላ ቢሮው ትምህርት ቤታችሁን አያውቀው ይሆናል፤ ትራንስክሪፕታችሁን ከምን ጋር እንደሚያስተያየው ይቸግረዋል። ዳርትማውዝ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ዳግም ግዴታ ሲያደርግ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፦ አቅም ካነሳቸው ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች ሊጠቅማቸው የሚችለውን ውጤት ይደብቁ ነበር። ኤም.አይ.ቲ. በ2022፣ ሃርቫርድ፣ ብራውንና ካልቴክ በ2024 ወደ ግዴታ ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ከ2021 እስከ 2024 ያሉ ቅጾችን ከኋለኞቹ ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ። አመልካቹም፣ ውጤት የሚያስገባውም ሰው ተለውጧል። ፈተናው ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአሜሪካ ውጭ በኮምፒውተር ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከመመዝገብ በፊት የፈተና ቦታውንና ላፕቶፕ የሚገኝበትን መንገድ አረጋግጡ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በፈተናው ቀን ዋዜማ የሚፈታ ነገር አይደለም።

አማካይ ውጤትና ደረጃ

ሲ11ና ሲ12 የተማሪዎቹን አማካይ ከ4.0 ይሰጣሉ። የእኛ ትራንስክሪፕት ከ100 ነው። 88ን ለ25 አካፍሎ «3.52 ነኝ» ማለት ትርጉም የለውም፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት 88 ለሁለት ተማሪ፣ አንዳንዱ ለግማሹ ክፍል ይሰጣል። እነዚህን ሁለት ሰንጠረዦች ዝለሏቸው።

ሲ10 ግን አይዘለል። ከክፍላቸው የመጀመሪያው አስረኛ እጅ ውስጥ የነበሩት ስንት በመቶ እንደሆኑ ይነግራል፤ ደረጃ ደግሞ በእኛ ካርድ ላይ ሁልጊዜ አለ። ችግሩ ካርዱ ላይ ያለው ደረጃ ብዙውን ጊዜ የሴክሽን መሆኑ ነው። ከ55 ተማሪ 1ኛ መውጣትና በትምህርት ቤቱ ካሉት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ 1ኛ መውጣት እኩል አይደሉም። ሬከርድ ክፍሉን ወይም ርዕሰ መምህሩን በጊዜ ጠይቃችሁ፣ ከሁሉም ሴክሽኖች ተወዳድሮ የወጣ ደረጃ ከጠቅላላ ተማሪ ቁጥር ጋር የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አስወጡ። የብዙዎቹ ኮሌጆች የማመልከቻ ጊዜ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት በዚያን ጊዜ ስለማይኖር ይህ ደብዳቤ የሚይዘው ቦታ ቀላል አይደለም። ሲ10 ላይም ቢሆን ደረጃ ያስገቡት ስንት በመቶ እንደሆኑ ከታች ተጽፏል፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ሰንጠረዡ ብዙ አይናገርም።

ሲ7 ሌላው ጠቃሚ ገጽ ነው። ኮሌጁ እያንዳንዱን መመዘኛ «በጣም አስፈላጊ»፣ «አስፈላጊ»፣ «ይታያል» ወይም «አይታይም» ብሎ ይመድባል። ድርሰት፣ የመምህራን ምስክርነት፣ ቃለ መጠይቅ፣ የሥራ ልምድ፣ ከቤተሰብ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ መሆን ሁሉ እዚያ አሉ። በቡና ለቀማ ወይም በሱቅ ቤተሰቡን የሚያግዝ ተማሪ «የሥራ ልምድ» የሚለው መስመር ላይ ምን እንደተባለ ይመልከት፤ «አስፈላጊ» ከተባለ ያ ሥራ በሰዓትና በወራት ተቆጥሮ ማመልከቻው ላይ ይግባ፤ ልጆቹ ብዙ ጊዜ የማይረባ መስሏቸው ይተዉታል። «አመልካቹ ያሳየው ፍላጎት» የሚለው ከ«አይታይም» ሌላ መልስ ካለው ደግሞ የኮሌጁን ኢሜይል መክፈት፣ በኢንተርኔት በሚያካሂደው ገለጻ ተመዝግቦ መገኘት ይቆጠራል ማለት ነው።

ቀድሞ ማመልከትና ብዙ ቦታ ማመልከት

ሲ21 በአስገዳጅ ቀዳሚ ማመልከቻ፣ ማለትም «ከተቀበላችሁኝ እዚያው እገባለሁ» ብለው ፈርመው ቀድመው በማመልከት፣ የገቡትን ያሳያል። በምሳሌያችን ኮሌጅ 700 ቀድመው አመልክተው 280 ቢገቡ 40 በመቶ ነው፤ በመደበኛው 7,300 አመልክተው 1,320 ሲገቡ 18 በመቶ። «ቀድሜ ካመለከትኩ ዕድሌ በእጥፍ ያድጋል» የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም። የተመለመሉት ስፖርተኞች የሚያመለክቱት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነውና ቁጥሩን እነሱ ከፍ ያደርጉታል። ጥቅም የለውም አንልም፤ ድጋፍ ለሚሻ ተማሪ ትልቁ ነገር ግን አስገዳጅነቱ ነው። ድጋፉ ካልበቃ ከግዴታው መውጣት የሚፈቅድ መሆኑን ከኮሌጁ ገጽ ላይ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ሌላው የሂሳብ ስህተት የብዛት ነው። «እያንዳንዱ 5 በመቶ ቢሆን፣ 10 ቦታ ባመለክት አንዱ ጋ የመግባት ዕድሌ 40 በመቶ ነው» ይባላል። ሂሳቡ ትክክል የሚሆነው የአሥሩ ውሳኔ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። እውነታው ግን አሥሩም የሚያነቡት ያንኑ ድርሰት፣ ያንኑ ትራንስክሪፕት፣ ያንኑ የገቢ ማስረጃ ነው። አንዱን ያላሳመነ ፋይል ሌሎቹንም ላያሳምን ይችላል። የማመልከቻ ክፍያው ደግሞ በብዙ ቦታ ከ50 እስከ 90 ዶላር ስለሆነ፣ ከክፍያ ነጻ የሚያደርገውን ቅጽ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አራት በደንብ የተጠኑ ኮሌጆች ከአሥራ አምስት በጥድፊያ ከተመረጡ ይሻላሉ ብለን እናምናለን።

ተፎካካሪዎቹ

ኮሌጅ ናቪጌተር የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ስታትስቲክስ ማዕከል አገልግሎት ነው። ቀላል ነው፣ በደካማ ኔትወርክም ይሠራል፣ ኮሌጆችን በክልልና በመጠን ያጣራል። የቅበላ ምጣኔ፣ የሳት ፐርሰንታይልና የውጭ ተማሪዎችን ድርሻ በአንድ ገጽ ይሰጣል። የኤች6 ዓይነት መረጃ ግን የለውም። የመጀመሪያውን ረጅም ዝርዝር በእሱ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ኮመን ዳታ ሴት ተሻገሩ።

ኮሌጅ ስኮርካርድ ያምራል፣ ለእኛ ግን ያሳስታል። የሚያሳየው «አማካይ ዓመታዊ ወጪ» እና የተመራቂዎች ገቢ የተሰላው የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ በሚያገኙ ተማሪዎች ነው። የውጭ ተማሪ ያን ድጋፍ አያገኝም። ስኮርካርዱ 18,000 ዶላር ብሎ ያሳየው ኮሌጅ ከጅማ ለሚሄድ ተማሪ 70,000 ሊሆን ይችላል። የወጪ ቁጥሩን ጨርሳችሁ ተዉት።

ዕድል የሚያሰሉ ገጾችን አንመክርም። ውጤት አስገብታችሁ «42 በመቶ» ይላሉ። አብዛኞቹ የሚመሠረቱት ሰዎች በፈቃዳቸው ራሳቸው በሞሉት ውጤት ላይ ነው፤ የሚሞሉትም ይበልጡን አሜሪካውያን ናቸው፤ የገባው ደስ ብሎት ይሞላል፣ ያልገባው ይተወዋል። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ያንኑ ውጤት ሁለት ጊዜ አስገቡ፣ አንዴ የአሜሪካ ዜጋ ድጋፍ የማይፈልግ፣ አንዴ የውጭ ዜጋ ሙሉ ድጋፍ የሚፈልግ ብላችሁ። መልሱ ካልተለወጠ ወይም ጥያቄው ጭራሽ ከሌለ መሣሪያው የእናንተን ጉዳይ አያሰላም።

ፕሮሰስ የሚያደርጉ ቢሮዎች ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል፤ ወላጅ መሬት ወይም ከብት ሸጦ የሚከፍልበት ነውና። «ካመለከትንላቸው 95 በመቶው ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ምን እንደተቆጠረ ነው። የተቆጠረው ተማሪ ነው ወይስ የመቀበያ ደብዳቤ? አንድ ተማሪ ስድስት ደብዳቤ ካገኘ ስድስት ተብሎ ይቆጠራል። ኮሌጆቹ መሥፈርት ያሟላውን ሁሉ የሚቀበሉ ከሆኑ 95 በመቶ የማንም ብቃት ማስረጃ አይደለም፤ ያለ ቢሮው ብታመለክቱም ይቀበሏችኋል። ከተቀበሉት ስንቱ በቂ ድጋፍ አገኘ፣ ስንቱ አይ-20 ወጣለት፣ ስንቱ ቪዛ ተመታለት፣ ስንቱ ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይማራል? እነዚህን አራት ቁጥሮች በጽሑፍ የማይሰጥ ቢሮ ብር ከመቀበሉ በፊት ሊታለፍ ይገባዋል። የኮሌጆቹን ስም ይጠይቁና ወላጆችም ሆኑ ተማሪዎች ኤች6ን ራሳቸው ይክፈቱ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ምን ያህል ይታመናል?

ኮመን ዳታ ሴትን የሚሞላው ኮሌጁ ራሱ ነው፤ የሚያጣራው የውጭ አካል የለም። በ2022 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ ዩኒቨርሲቲያቸው ለዩ.ኤስ. ኒውስ የሰጣቸው ቁጥሮች ትክክል አለመሆናቸውን አሳዩ። ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት ከ2ኛ ወደ 18ኛ ደረጃ ወረደ፤ እስከዚያ ድረስ ይፋ ያላደረገውን ኮመን ዳታ ሴትም ያኔ አወጣ። ቅጹን የማያወጣ ኮሌጅ ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለ አንልም፤ ያወጣውን ግን ከኮሌጅ ናቪጌተር ጋር ማስተያየት ይቻላል። ያመለከቱና የተቀበሉ ቁጥሮች በሁለቱም ቦታ መቀራረብ አለባቸው። ካልተቀራረቡ መጀመሪያ ዓመቱ አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ አብዛኛው ልዩነት ከዚያ ይመጣል።

ሲ2 ላይ ያለው የተጠባባቂ ዝርዝርም በተለይ ለእኛ ሰው መታየት አለበት። ስንቶች ተጠባባቂ እንደተባሉ፣ ስንቶች እሺ እንዳሉ፣ ከነሱ ስንቶች እንደገቡ በሦስት ቁጥር ተጽፏል። የመጨረሻው ቁጥር አንዳንድ ዓመት ዜሮ ነው። የድጋፍ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂዎች ከመጠራታቸው በፊት ስለሚያልቅ፣ ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ ይህን ዝርዝር ተስፋ አድርጎ ሌላ ጥሪ እንዳይመልስ።

ኤች6 ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም ቅጹ ጨርሶ በሌለበት፣ ለኮሌጁ የቅበላ ቢሮ አጭር ኢሜይል ላኩ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ባለፈው ዓመት ድጋፍ ከጠየቁ የውጭ አመልካቾች ስንቱን ተቀበላችሁ? ለገቡትስ ትልቁና ትንሹ ድጋፍ ስንት ነበር? ስማችሁን፣ ትምህርት ቤታችሁን፣ ጅማ ኢትዮጵያ መሆናችሁን ጻፉ፤ ውጤታችሁን መላክ አያስፈልግም።  በቁጥር ከመለሱ ማስታወሻችሁ ላይ ከኤች6 ቦታ አስገቡት፤ «እንደየሁኔታው ነው» ብቻ ካሉ ያን ኮሌጅ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ አውርዱት።